እውነተኛው ዋንጫ የቱ ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ ውድ አንባቢዎች፣ እንደምን ከረማችሁ፣ ቁሩስ እንዴት ይዟችኋል። ባለፈው እትም ስለ ጠላ ዕቃ አንድ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር፣ ከዛ ወዲህ በቴሌግራምም በደብዳቤም የመጣው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ስለ መጠጫ ሆነ፣ በተለይ ዋንጫ የምትለዋ ቃል ብዙ ሰው አከራክራለች፣ ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ሙሉውን ለሷ ሰጥቼ ዘመዶቿን ጽዋን፣ ኩባያን፣ ስኒን በየመሃሉ አነሳለሁ።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦ እትዬ፣ ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ለጥምቀት መንዝ አባቴ ጋ ይዣት ሄጄ አባቴ «እስቲ ያን ዋንጫ አቀብይኝ» ሲላት ቤቱን ሙሉ ፈልጋ አጣችው፣ ለካ እሷ የምትፈልገው የሚያብለጨልጭ የወርቅ ነገር ነው። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ቀንድ ሳሳያት «ይሄ ምኑ ነው ዋንጫ?» አለችኝ፣ እኔም መልስ አጣሁ። የቱ ነው እውነተኛው? የኳሱ ነው ወደ ቀንዱ የሄደው ወይስ የቀንዱ ነው ወደ ኳሱ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለልጅሽ ንገሪያት፣ የቀደመው የአያቷ ነው። ዋንጫ ማለት ከቀንድ የሚሠራ መጠጫ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከበሬ ቀንድ፣ ለትልልቅ ሰዎች ደግሞ ድሮ ከአውራሪስ ቀንድም ይሠራ ነበር፣ የኳሱ ዋንጫ ስሙን የተዋሰው ከዚህ ነው።

እኛ ቤት የነበረውን ልንገርሽ። አባቴ ቦራ የሚባል በሬ ነበረው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ስንት ዘመን ያረሰ በሬ፣ አንድ ክረምት ላይ መሬቱ ከድቶት ገደል ገባብን። ያን ቀን እቤታችን ለቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው። አባቴ ግን አንዱን ቀንድ አስቀርቶ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈው፣ ሲቆይ ውስጡ ያለው አጥንት ተላቆ ወጣ፣ ከዛ ሰፊውን ጫፍ ለአፉ አስተካክሎ ቆረጠና በቢላ ፋቀው፣ ቢላው ያልደረሰበትን በጠርሙስ ስባሪ አለሰለሰው፣ ቅቤ ቀባው፣ ቂጡን በወይራ እንጨት ደፍኖ ዙሪያውን በሰም አሸገው። ማታ ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ሲፍቀው ከቀንዱ የሚወጣው ብናኝ እሳት ውስጥ ሲገባ የሚሸተው ሽታ፣ የተቃጠለ ፀጉር ነው የሚመስለው፣ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ሲያልቅ ብርሃን ላይ ስታነሺው ማር የመሰለ ቀለም ያሳልፋል። እኛ «የቦራ ዋንጫ» ነበር የምንለው፣ ለማንም እንግዳ አይወጣም፣ ትልቅ ሰው ሲመጣ ብቻ ነው። ደግሞ መንዝን ታውቂው የለ፣ በብርድ ቀን ጣሳ ከንፈር ላይ ሲያርፍ ያሳርራል፣ ቀንድ ግን ብርዱን ወደ ከንፈር አያመጣውም፣ ጠላውን እንደልብ ትጠጪዋለሽ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። ቅል አለ፣ ጣሳ አለ፣ ሽክና አለ፣ ለጠጅ ደግሞ ብርሌ አለ፣ ከነዚህ መሃል ዋንጫ የክብር ዕቃ ነበር። በድሮው ግብር ላይ፣ በአንኮበርም በአንጎለላም በእነ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ እንበል፣ ጌታው ለወደደው ሰው በራሱ እጅ መጠጥ ሲሰጥ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰው ያየዋል፣ ይወራለታል። ታዲያ ኳስ የሚባል ነገር መጥቶ፣ አሸናፊው ቡድን ጆሮ ጆሮ ያለው የብር መጠጫ ይሸለማል ሲባል፣ ያኔ ቋንቋውን የሚጽፉት ሰዎች ኩባያ አላሉትም፣ ብርጭቆም አላሉትም፣ ዋንጫ አሉት። በኔ እይታ ቅርፁን አይተው ሳይሆን ክብሩን አይተው ነው እንደዛ ያሉት፣ ቅርፁንማ ካየሽው ለኩባያ ይቀርባል።

ይሄን ለልጅሽ በታሪክ ማሳየት ከፈለግሽ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ጥሩ ነው። 3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተካሂዶ፣ በይድነቃቸው ተሰማ የሚሠለጥነው ቡድናችን ግብፅን (ያኔ የተባበረችው አረብ ሪፐብሊክ ነበር የምትባለው) በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ነው የተቀበለው። ንጉሥ በእጁ ዋንጫ ሲሰጥ፣ አየሽ፣ ያ የድሮው ግብር ነገር እዚህም አለ።

እና አንድ የሚገርም ነገር ጨምሪላት። አሁን ያለው የዓለም ዋንጫ፣ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የሚሰጠው፣ ሲልቪዮ ጋዛኒጋ የሚባል ጣሊያናዊ የቀረፀው፣ ቁመቱ 36.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ባለ 18 ካራት ወርቅ፣ ምንም ነገር አይቀዳበትም! ሁለት ሰዎች ዓለምን ተሸክመው ነው የሚታዩት፣ አፍ የለው፣ ሆድ የለው። ስሙ ግን ያው ዋንጫ ነው። ከዛም አልፎ ዕቃው ቀርቶ ውድድሩ ራሱ ዋንጫ ሆኗል፣ «የአፍሪካ ዋንጫ መቼ ይጀመራል» እንላለን፣ የመጨረሻው ግጥሚያ ደግሞ «የዋንጫ ጨዋታ» ነው፣ «ለዋንጫ አለፉ» ስንል ማንም ስለ መጠጥ አያስብም። ስለዚህ ልጅሽ ወርቅ መፈለጓ አይፈረድባትም፣ ቃሉ ወደ እሷ ዘመን ሲደርስ ወርቅ ለብሶ ነው የደረሰው። ብቻ በሚቀጥለው ስትሄዱ በአያቷ ዋንጫ ውሃም ቢሆን ቀድተሽ አጠጫት።

ጥያቄ፣ ከፍቼ፦ በኦሮምኛም ዋንጫ ነው የምንለው፣ ቀንዱንም የኳሱንም። ከማን ወደ ማን ነው የሄደው?

መልስ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ «ዋንጫ አፍሪካ»፣ «ዋንጫ አዱኛ» ነው የሚባለው በኦሮምኛ፣ የቀንድ መጠጫውም ያው ነው። በሰሜን ሸዋ ኦሮሞውና አማራው አንድ ገበያ ሲገበያይ፣ ሲጋባ፣ አንዱ ከአንዱ ድግስ ሲጠጣ የኖረ ሕዝብ ነው፣ በሬውም ቀንዱም ጠላውም አንድ ነው፣ ቃሉም አብሮ ኖረ። እኔ ደስ የሚለኝ ሁለቱም ቋንቋ ከቀንድ ተነስቶ ኳስ ላይ በአንድ መንገድ መድረሱ ነው።

ጥያቄ፣ ከሸዋ ሮቢት፦ እትዬ ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ የኳስ ሰው ነኝ። ጋዜጠኞቹ አሸናፊውን «ዋንጫ አነሳ» ይሉና ተሸናፊውን «የሽንፈትን ጽዋ ተጎነጨ» ይላሉ። ሁለቱም መጠጫ አይደሉም እንዴ? ለምን የሽንፈት ዋንጫ አይሉም? ጽዋ የክርስቲያን ቃል ብቻ ነው የሚሉኝም አሉ።

መልስ፦ በጣም ጥሩ ጆሮ አለህ፣ ይሄን ጥያቄ ሳነብ ቁጭ ብዬ ነው ያሰብኩበት። አዎ ሁለቱም መጠጫ ናቸው ግን ሥራቸው ለየቅል ነው። አብረዋቸው የሚሄዱትን ግሦች ብቻ እያቸው። ዋንጫ ይነሳል፣ ይሳማል፣ ይወሰዳል፣ ይሸለማል። ጽዋ ግን ይደርሳል፣ ይቀበሉታል፣ ይጎነጩታል። ዋንጫን ታግለህ ነው የምታገኘው፣ ጽዋን ሌላ ቀድቶ ነው የሚሰጥህ፣ ውስጡ ያለው ጣፋጭም ይሁን መራራ የቀዳው አንተ አይደለህም። ለዚህ ነው «የሞት ጽዋ»፣ «መራራ ጽዋ»፣ «የመከራ ጽዋ» የምንለው፣ «የሞት ዋንጫ» ብትል ግን ጆሮ ላይ ይሰበራል። «የግፍ ጽዋ ሞላ» ሲባልም እንደዛው ነው፣ ጠብ ጠብ እያለ ሲጠራቀም ኖሮ አፉ ጋ ደረሰ ማለት ነው።

ቃሉ ከግዕዝ ነው፣ በግዕዝ ጽዋዕ ነው የሚጻፈው። በቤተ ክርስቲያን ከጻሕልና ከዕርፈ መስቀል ጋር የሚሰለፍ ንዋየ ቅድሳት ነው፣ ደሙ የሚቀርብበት። ጌታ በጌቴሴማኒ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ የጸለየው ጸሎት ነው በአማርኛችን ውስጥ ያን መራራውን ትርጉም የተከለው ብዬ አስባለሁ፣ መዝሙረኛው ደግሞ «ጽዋዬም የተረፈ ነው» ሲል በተቃራኒው በረከት ሞልቶ ፈሰሰ ማለቱ ነው። በአንድ ዕቃ ሁለቱም ይቀዳል።

የክርስቲያን ብቻ ነው ላሉህ ግን ይሄን ንገራቸው። በኦሪት ዘፍጥረት ዮሴፍ የብር ጽዋውን በወንድሙ በብንያም ስልቻ ውስጥ ያስደበቀበትን ታሪክ ታውቀዋለህ፣ ያው ታሪክ በቁርአን በዩሱፍ ምዕራፍም አለ፣ እዛ ላይ የንጉሡ ዕቃ «ሱዋዕ» ነው የሚባለው። ሱዋዕና ጽዋዕ፣ በአፍህ ደጋግመህ በላቸውማ! የሴም ቋንቋ ሊቃውንት ሁለቱን ያገናኟቸዋል። እናንተ አካባቢ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ስላለ ለመንገር ሩቅ አትሄድም።

ደግሞ በድግስ ላይ «ጽዋችንን እናንሳ» የሚባል አለ፣ እሱ አዲስ ነው፣ ከፈረንጅ ግብዣ ጋር የመጣ ይመስለኛል፣ እኔ ብዙ አይመቸኝም። በእኛ ወግ ጠላ ቀርቦ ተመርቆ ይጠጣል እንጂ ብርጭቆ አይጋጭም። ግን ቋንቋ ነውና ሰው ካለው ምን ይደረጋል።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦ እትዬ እባክሽ ድረሽልኝ። ከዩቲዩብ ላይ ኬክ እያየሁ እሠራለሁ፣ «2 ካፕ ዱቄት፣ 1 ካፕ ስኳር» ይላሉ። አንዴ በቡና ስኒ ሰፈርኩት ምጣድ ላይ የተለጠፈ ቂጣ ሆነ፣ አንዴ በትልቁ የቆርቆሮ ኩባያ ሰፈርኩት ደግሞ ፎቅ ከሆነ በኋላ መሃሉ ሰመጠ። ካፕ በአማርኛ ምንድነው?

መልስ፦ የኔ እህት፣ አንቺ አይደለሽም ያጠፋሽው፣ ቃሉ ነው። የኛ መጠጫዎች ለመስፈሪያ ሲሆኑ ቤት ለቤት ይለያያሉ። ካፕ የሚሉት ቁርጥ ያለ መጠን ነው፣ አሜሪካኖቹ 240 ሚሊ ሊትር ይሉታል፣ አንዳንድ አገር 250 ነው። የቡና ስኒ ስንት ይይዛል መሰለሽ፣ ሦስትና አራት ስኒ ሆኖ ነው አንድ ካፕ የሚሞላው። ትልቁ ኩባያ ደግሞ ያልፈዋል። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ፣ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተሽ እኩል ሁለት ቦታ ክፈይው፣ ግማሹን የቤትሽ ኩባያ ውስጥ ጨምሪና የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጊ፣ በቃ እሱ ነው ካፕሽ፣ ሌላ አትግዢ። ሚዛን ካለሽ ደግሞ የበለጠ ነው፣ አንድ ካፕ ፉርኖ ዱቄት ወደ 125 ግራም ነው፣ ስኳር ወደ 200 ግራም።

መሃሉ የሰመጠው ግን በኩባያው ብቻ ላይሆን ይችላል። ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው፣ ውሃ እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 90 ምናምን ላይ ይፈላል፣ ኬክም ቶሎ ይነፋና አቅም ሳያገኝ ይወድቃል። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ሰዎች ቆላ ናቸው። ቤኪንግ ፓውደሩን ቀንሺ፣ ከሚሉት ሩብ ያህሉን አውጪለት፣ ፈሳሹን ደግሞ ትንሽ ጨምሪ። ፎቶ ላኪልኝ እሺ።

በነገራችን ላይ መጠጫና መስፈሪያ አንድ የሆነበት ቃል አማርኛ ራሱ አለው፣ መለኪያ ነው። አረቄ የምንጠጣባት ትንሿ ብርጭቆ «መለኪያ» ናት፣ «ሁለት መለኪያ ብቻ ነው የጠጣሁት» ይላል ሰውየው። ቢሮ ስትሄጂ ደግሞ «የቅጥር መለኪያ»፣ «የአፈጻጸም መለኪያ» አለ። ጣሳም እንደዛው ነው፣ ገበያ ላይ ምስር በጣሳ ይሰፈራል፣ ጠላ ቤት ደግሞ በጣሳ ይጠጣል፣ ከዛም አልፎ ደጃፍ ላይ ረጅም እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ ከተደፋበት እዛ ቤት ጠላ ይሸጣል ማለት ነው፣ ጽሑፍ የማያስፈልገው ታፔላ። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ እነዚያን ጣሳዎች እየቆጠርኩ ነበር መንገዱን የምጨርሰው። አሁን በየቦታው ባነር ሆኗል፣ እኔ ግን ጣሳ የተደፋበት እንጨት ሳይ እስካሁን ደረቴ ሞቅ ይለዋል።

ጥያቄ፣ ከዓለም ከተማ፦ ስኒ ነው ሲኒ? እናቴ ደግሞ ፍንጃል ነው የምትለው።

መልስ፦ ሁሉም ልክ ነው። ሲኒ ከአረብኛ የመጣ ነው፣ «የቻይና» ማለት ነው፣ ሸክላው ከቻይና ስለሚመጣ። አፋችን አሳጥሮ ስኒ አደረገው። ፍንጃልም ከአረብኛ ነው፣ የድሮ ሰዎች ቃል ነው፣ እጀታ የሌላትን ትንሿን ነው እናትሽ የምትለው። ኩባያም እንዲሁ አረብኛ ነው። እናትሽን አታርሚያት፣ ፍንጃል ስትል ስሚያት።

ጥያቄ፣ ከአንኮበር፦ አባቴ ወገቡን ሲያመው ዋግምት ልታገም ይላል። ያ ቀንድ ዋንጫ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የዋግምቱ ቀንድ ትንሽ ነው፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለው፣ ቆዳ ላይ ተደፍቶ በዛ ቀዳዳ በአፍ ተስቦ ይደፈናል። ፈረንጆቹ ይሄንንም በመጠጫ ስም ነው የሚጠሩት፣ እኛ ግን የራሱ ስም፣ «ማገም» የሚል የራሱ ግሥም አለው። ግን ወንድሜ፣ ቆዳው በምላጭ ይበጣል፣ ከሰው ሰው የሚዞር ምላጭና ቀንድ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ያስተላልፋል፣ አባትህን እባክህ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰዳቸው።

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ፦ እትዬ፣ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነኝ፣ ለሚቀጥለው 12 ተራው የኔ ነው። ጽዋውን ተረክቤ ቤት አሳድሬው ልጄ ሲሮጥ ገፍቶት አፉ ላይ ተሰነጠቀ። ከናቴ ጊዜ ጀምሮ ያለ ሸክላ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። በሲሚንቶ ላስጠግነው? ማኅበርተኛው ምን ይለኛል እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺን መልስ ቀኑ እንዳያልፍብሽ አስቀድሜ በስልክ ልኬልሻለሁ፣ እዚህ የማወጣው ሌላም ሰው ይደርስበታል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ዛሬውኑ ለሙሴው፣ ማለትም ለማኅበሩ መሪ፣ ንገሪ፣ ከሱ ጋር ሆናችሁ ለካህኑ ንገሩ። መደበቁ ነው እንቅልፍ የሚነሳሽ እንጂ ስንጥቁ አይደለም። ሲሚንቶ ግን እንዳትነኪው፣ «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚባለው ለሸክላም ይሠራል፣ ጠላው ውስጥ ይገባል፣ ሰው ይጠጣዋል። አዲስ ግዢ። አዲሱን ሸክላ ደግሞ ወዲያው ጠላ እንዳትቀጂበት፣ ያልባል፣ ያፈሳል፣ አፈር አፈር ይላል፣ በአተላ አሟሺው፣ ከዛ በግራዋ ደህና አድርገሽ እጠቢው፣ በወይራ እጠኚው፣ ሽታው ሲገባው ራሱ ይነግርሻል።

እና ማኅበርተኛው ስላልሽው፣ «ጽዋ» ስንል ሸክላውን ብቻ አይደለም እኮ የምንለው። «ነገ ጽዋ አለብኝ» ስትዪ ድግሱን ነው፣ «ጽዋ ጠጪ ነን» ስትዪ ዝምድናውን ነው፣ አንዱ ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢሞት የሚቀብረው ያ ሰው ማለትሽ ነው፣ «ጽዋው ደረሰኝ» ስትዪ ደግሞ ተራውን ነው። ያ ሁሉ በአንድ ገንቦ ስንጥቅ አይፈስም።

የኛም የማርያም ማኅበር ጽዋ ተሰብሮ ያውቃል፣ እናቴ እጅ ላይ ነበረ። በሚቀጥለው 21 አዲሱ ጽዋ እንደ ወትሮው በነጠላ ተሸፍኖ መጣ፣ ካህኑ ባረኩት፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ፣ ስም ተጠራ፣ ተረካቢዋ ተነስታ እጇን ዘረጋች፣ እልል ተባለ። አሮጌውን ምን እናድርገው ብላ ካህኑን ስትጠይቃቸው ከቆሻሻ ጋር አትጣይው እንጂ ለጓሮ ይሁንሽ አሏት፣ እሷም አፈር ሞልታ ጤና አዳም ተከለችበት። እናቴ አርፋለች፣ ጤና አዳሙ ግን አለ፣ ቡና ሲፈላ ከሱ እየቀነጠስን ስኒው ውስጥ እንጨምራለን።